አጥሚት ቀምሳለች

ከዳንግላ ጥሊሊ በእግሬ እሄዳለሁ ስል የሳቁብኝ ሰዎች ዕድሜዬን እንጂ እግሬን አያውቁትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ተማሪ ቤት ገብቼ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ እያየሁ ብቻዬን ነው። ሬዲዮ መጠገንም፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቶ መግጠምም ማንም አላስተማረኝም። በእኛ አካባቢ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እኔ ነኝ። ሌላም የምጠራበት ሥራ አለ፤ መርዶ። ሰው ሞቶ ለዘመዱ የሚያረዳ አፍ ያለው ሰው ሲፈለግ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚመጡት እኔ በር ላይ ነው።

ታላቅ እህቴ ጥሊሊ ታማ መተኛቷን የነገረኝ አንድ ከሰል ነጋዴ ነው። «ዓይኑን ልየው ብላለች» አለኝ። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስልክ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም፤ መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባስም ከቆመ ሰንብቷል። ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

አዲስ ቅዳም አድሬ ገና ሳይነጋ መንገድ ጀመርኩ። አስፋልቱ ባዶ ነው። ገዢ ያጣ የከሰል ጆንያ በየዳሩ ዝናብ ይመታዋል። ራቅ ካለ ቦታ ተኩስ ይሰማና ዝም ይላል። እንጅባራ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ጫማዬ አፉን ከፍቷል፣ ተረከዜም ደምቷል፤ ቢሆንም ሐሳቤ ውሃ ጠጥቼ መቀጠል ነበር። ከዚያ ጥሊሊ ለሌላ ሰው ሩቅ ነው፤ ለእኔ ግን ግማሽ ቀንም አይሞላም።

ውሃ ልጠጣ የገባሁት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። እኩያዬ ነው፤ የቀርከሃ ወንበር እየሠራ ይሸጣል። ሚስቱ በር ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ቶሎ ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳ ነበር። ጎረቤት ለቅሶ ልትሄድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

«ይኸ ሽማግሌ! እግርህን የት ጥለኸው መጣህ?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«የኔ እግር እንዳንተ ወንበር በሳምንቱ አይወላለቅም» አልኩት።

ሳቀ። ከቀልዱ በላይ ሳቀ።

«ውሃ ስጡኝና ልሂድ። እህቴ ትጠብቀኛለች።»

«አያ፣ እግርዎ እየደማ የት ይሄዳሉ? ይታጠቡ፤ እህል ይቅመሱ» አለች ሚስቱ።

«እሷን ሳላይ እህል አይወርድልኝም።»

የአክስቴ ልጅ ቀርከሃውን እየላገ፣ ቀና ሳይል፣ «ከጥሊሊ ዛሬ ጠዋት ሰው መጥቶ ነበር» አለኝ። «ተሽሏታል። አጥሚት ቀምሳለች።»

ሰውነቴ ተፍታታ። ሴትዮዋ በሞቀ የጨው ውሃ እግሬን አጠበችኝ። ድንች ወጥ አቀረበችልኝና እስክጠግብ በላሁ። ባሏ ደግሞ ጫማዬን አንስቶ፣ «ይሰፋልህ፤ እንደ ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ሲለፈልፍ መንገድ ላይ ያሳፍርሃል» ብሎ ይዞት ወጣ።

ከዚያ ጎረቤቶቹ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ይገባሉ፣ እጄን ይዘው ይስማሉ፣ ይቀመጣሉ። አልገረመኝም፤ እንጅባራ እኔን የማያውቅ የለም። አዘና ላይ የቆመውን ወፍጮ የገዛ ቀበቶዬን ቆርጬ እንዴት እንዳስነሳሁት አወራሁላቸው። የማያስቀውም ቦታ ላይ ሳቁልኝ። ሌላ ጨመርኩ። «እህትህን ምን አመማት?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊት እኔ ስስቅ አይተው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጭሱ ነው አሉኝ።

ልነሳ ባልኩ ቁጥር ጫማው አልደረሰም። ኋላ ደግሞ ጫማ ሰፊው ዘግቶ ሄዷል፣ ከመሸ መንገድ ላይ መገኘትም ክልክል ነው አሉኝ። አጥሚት ቀምሳለች ከተባለ አንድ ሌሊት ምን አላት ብዬ ተኛሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ የአክስቴ ልጅ ከኋላቸው ነው። እኔ በስንቱ ሰው ደጃፍ እንደዚያ ቆሜአለሁ! ዱላው እንዴት እንደሚያዝ፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ አውቀዋለሁ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

«ግቡ» አልኩ። «ከየት እንደምትጀምሩ አውቃለሁ። አትድከሙ።»

«አፈሩን ገለባ ያድርግላት» አለኝ አንዱ።

ወደ አክስቴ ልጅ ዞርኩ። «አጥሚት ቀምሳለች አላልከኝም?»

«አልኩህ» አለ እያለቀሰ። «እናቴ የሞተች ቀን አንተ ለእኔ ያልከው ነው። እህል እንድቀምስ። ካንተ ነው የተማርኩት።»

እውነቱን ነው። ያ ቃል የእኔ ነው። በሽተኛው ቀመሰ ሲባል ጤነኛው ይበላል፤ ባዶ ሆዱን መርዶ የሚሰማ ሰው ለቅሶው ላይ ይወድቃል። በዚያ ቃል ስንቱን አብልቻለሁ።

«ቀብሩስ?»

«ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በዚያ እግርህ አትደርስም ብለን ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ የወፍጮውን ወሬ እያወራሁ ነበር። ባልና ሚስቱም ለቀብር ሊነሱ ሲሉ ነው ለካ የደረስኩባቸው። እኔን ለመያዝ ብለው እነሱም ቀሩ፤ ለእሱም እኮ የአክስቱ ልጅ ናት።

ጫማዬ ተሰፍቶ አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር ያደረው። አጥልቄው ወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ሊከተለኝ ሞክሮ መንገድ ላይ ቀረ፤ ወደ ኋላ አላየሁትም። ፀሐይ አናቴ ላይ ሳትደርስ ጥሊሊ ገባሁ። በትናንትናው ረፋድ ለቀውኝ ቢሆን ኖሮ ከሬሳዋ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እገናኝ ነበር። እደርስ ነበር። መቃብሯ ላይ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው፤ ዱላዬን ብተክለው ያለ ጉልበት ገባ።

ዛሬም ለመርዶ ይጠሩኛል። እሄዳለሁ፤ ከእኔ የሚሻል የለም። ግን ከመነሳቴ በፊት ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሰውየው ለቀብሩ የሚደርስ ከሆነ በልቷል አልበላም አልልም፤ ደጁ ላይ እንደቆመ እነግረዋለሁ። ሲያረጅ ጨከነ ይሉኛል።