ዘይነብና የራያ ሜዳሊያ

ከሥራ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። "ዘይነብ አረፈች" ይላል።

ውሸት ነው ብዬ ራሷ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ባለፈው እሁድ እኮ ስለ ጉልበቷ ስታማርር አብሬያት ስስቅ ነበር! ባስ ፌርማታ ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

ለማታውቋት፣ ዘይነብ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እዚህ ስደት አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ አብሬያት የኖርኩ፣ የሥጋ ባትሆንም እህቴ ናት። ኦዴሳ ስለተማረች ሩሲያኛ እንደ ውሃ ነበር የምትጠጣው። እሁድ እሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ እየሄደች የሶቪየት ሜዳሊያ ትገዛለች፤ ከሂትለር ጦር ጋር የተዋጉ ሰዎች የተሸለሙትን። ያኔ ሶቪየት ፈርሶ ሰዉ ወደዚህ ሲመጣ ሜዳሊያውም አብሮ መጣ። ከአሮጌ ማንኪያ ጋር ሣህን ላይ ተደፍቶ ይሸጥ ነበር።

ኦዴሳ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ያስታመመቻት አሮጊት ነርስ በበዓል ቀን ጋውኗ ላይ ሜዳሊያ ትደረድር ነበር አሉ። "እነዚያን ሰዎች ሣህን ላይ ተደፍተው ሳይ ማለፍ አቃተኝ" ትላለች። የባለቤቱ ስም ያለበት ወረቀት ከሌለው ግን አትገዛም።

እኔ አንስቼ ሳገላብጥ ትቆጣኛለች። "ቀስ! የሰው ደረት ነው የያዝሽው።"

አንዳንድ አበሻ "ደርግ ናት" እያለ ያማት ነበር። የመኖሪያ ፔፐሯ ገና ስላልወጣ ይሄ ወሬ ኢሚግሬሽን ጆሮ እንዳይደርስ ትሰጋለች። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ሜዳሊያዎቹን አልጋ ሥር ትከታለች፣ ከዚያ ነው "ማነው?" የምትለው።

አንድ ቅዳሜ ታች ልብስ ከምናጥብበት ክፍል ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። ከዩክሬን የመጡ፣ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ ራያ የሚባሉ አሮጊት አግኝታ ስታጫውታቸው ነበር። በጦርነቱ ቁስለኛ እየጎተቱ ያወጡ ሴት ናቸው። ሜዳሊያዬ ጠፋ ብለው ሙሉ ስማቸውን ሲነግሯት ክው አለች። ያ ሜዳሊያ ያለው እኛ ቤት ነው፣ አልጋዋ ሥር።

"ሌባ ቢሉኝስ? ፖሊስ ቢጠሩስ? በቃ፣ ፔፐሬ አለቀለት!"

"ዝም በያ። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ።"

ሻሿን አስራ፣ ሜዳሊያውን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ተያይዘን ወጣን። ሊፍት ውስጥ እጄን ጨምድዳ ይዛ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ትላለች።

የከፈተችልን የራያ ልጅ ናት። መሐረቡ ሲፈታ አይታ በሩሲያኛ ጮኸች። እኔ የገባኝ "ፖሊስ" የምትለው ብቻ ነው። ዘይነብን በቀሚሷ ጎተትኳት። አልነቃነቅ አለች።

ራያ ግድግዳ እየተደገፉ ከውስጥ መጡ። ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ጩኸቷን አቁማ ማልቀስ ጀመረች። ዘይነብም አብራ።

"ምን አሉ? ንገሪኝ እንጂ!"

"ራሴ ነኝ የሸጥኩት አሉ። ለልጅ ልጃቸው የብርድ ጃኬት ሊገዙ። ልጃቸው እንዳታፍር ብለው ነው ጠፋ ያሉት።"

ዘይነብ ሜዳሊያውን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ራያ አገላብጠው አዩትና መለሱላት። "እኔ ጋ ከሆነ፣ ሲቸግረኝ ደግሞ እሸጠዋለሁ። አንቺ ያዥልኝ፤ በድል በዓል ቀን አምጪልኝ" አሏት።

ከዚያ በኋላ ፔፐሯም ወጣላት፣ በየዓመቱም በግንቦት፣ ሂትለርን ያሸነፉበት ቀን ሲከበር፣ ወደ ላይ እየወጣች ሹራባቸው ላይ ትሰካላቸው ነበር። ራያ ሲሞቱ ልጃቸው ከዘመድ ሁሉ አስቀድማ የደወለችው ለዘይነብ ነው። "ያንቺ ይሁን" አለቻት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ዘይነብ ልጅ የላትም። ቤቷን የሚያጸዱት ሰዎች ሜዳሊያዎቹን ከወረቀታቸው ለያይተው ቢጥሏቸውስ? የወንድሟ ልጅ ስልክ አያነሳም። የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ ኮል አድርጉለት። እስክደርስ ምንም እንዳይነካ በሉት።

ዘይነብዬ፣ ባሱ መጣ። ወደ ቤትሽ እየመጣሁ ነው። ዛሬ ግን "ግቢ፣ ብርድ ነው" የሚለኝ ሰው የለም፤ እሱን እንዴት እንደምችለው አላውቅም። እንደናንተ ጀነት ይስጥሽ፤ እንደኛም ነፍስሽን በገነት ያኑርልኝ። የማንኛችን ጸሎት ቀድሞ እንደሚደርስ ስለማላውቅ ሁለቱንም ብያለሁ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ።