እትዬ ጥሩወርቅና የቡታጅራው አሸንዳ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አረፉ። ዜናው ከቡታጅራ ገበያ ተነሥቶ ጎረቤት ከተማ ቆሼ ለመድረስ አልዘገየም፤ በቀብራቸው ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው አልችል አለ። መምህር ሆኜ ከተማዋ ስገባ ቤት ያከራዩኝ እሳቸው ነበሩና፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

የመንዝ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው በዳኝነት ተሹመው ሲመጡ አብረው መጡ። ያገራቸውን ብርዳማ ሜዳ የሚያለብሰው አሸንዳ፣ ያ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ቢጫና ቀይ የሚያብበው የደጋ አበባ፣ ቢናፍቃቸው ከቡታጅራ በላይ ካለው ከዘቢዳር ተራራ ሥሩን አስመጥተው ተከሉት። ጠወለገ። ደግመው ተከሉ፤ በሰበሰ። በመጨረሻ ራሳቸው በበቅሎ ወጥተው አበቃቀሉን አይተው ተመለሱ።

«ውሃ ይወዳል፤ የተኛ ውሃ ግን ይጠላል» አሉኝ። መሬቱን በጠጠር ከፍ አድርገው፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይደርስበት በቤቱ ጥላ፣ የሥሩን አናት ሳይቀብሩ ተከሉት። ያዘ፤ ግን ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆነ።

ከዚያ ባለቤታቸው ሞቱ። ወንድማቸው ሊወስዷቸው ከመንዝ መጡ፤ ዕቃው ታሰረ። ሊነሡ ሲሉ ከቅጠሉ መሐል እምቡጥ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ እዚህ ማን አለሽ? እንሂድ» አሉ ወንድማቸው።

«ስንት ክረምት አስጠብቆኝ! ሲያብብ ሳላይማ አልሄድም።»

አበበ። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ተራራው ላይ ተወልደው ያደጉት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ፊታቸው በርቶ «ማሻ አላህ! ያገሬ አበባ! ሥሩን ለእኔም ይስጡኝ» አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ።

«በአበባው ጊዜ አይነቀልም። ሰኔ ሲገባ ከፍዬ ለሁላችሁም እሰጣለሁ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ወንድማቸው ሳቁ። «ለሰኔ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ዕቃ አያስርም» ብለው ገመዱን ራሳቸው ፈቱ።

ሰኔ ሲገባ በየቤቱ ዞረው በገዛ እጃቸው ተከሉ። «አትቸኩሉበት፤ ቶሎ ካላበበ ሰነፈ አትበሉት» ይሉ ነበር። በገቡበት ቤት አራስ ወይም ታማሚ ካለ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሥራ ይጀምራሉ። እትዬ ዘይነባ ምጥ ሲጠናባቸው ከጎናቸው ያልተለዩት እሳቸው ናቸው። እኔንም ወባ ሲጥለኝ አጥሚት እያጠጡ አስታመሙኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሁልጊዜ «ልጄ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እያፈርሁ «እትዬ» ከማለት አላለፍሁም። ዛሬ ልበልዎት፦ እናቴ፣ ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ።