የኔታ ያልሰሙት መልስ

ድረ ገጽ መሥራት የተማርኩት ራሴን በራሴ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ የኢንተርኔት ትምህርት እየተከታተልኩ። ዘመሮ ከተማ ውስጥ በምሠራበት ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበረሰቡ በጋራ ስለሚጠብቀው የጓሳ ሣር አጨዳ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ በአንድ ገጽ እንዳሰፍር ስታዘዝ፣ የመጀመሪያ የድረ ገጽ ሥራዬ ነውና ኮራሁ። ሰባት ጥያቄዎች ደረደርኩ። ጥያቄው ሲነካ መልሱ ከሥሩ ይዘረጋል፤ ደግሞ ሲነካ ይሰበሰባል። አለቃዬ አይተው "ጥሩ ነው" አሉኝ።

በሳምንቱ አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር በትራቸውን እያስቀደሙ ቢሮዬ ገቡ። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ስልካቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብላቸዋል።

"ስለ ሣሩ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ የኔታ። ምን ጎደለ?"

"ጥያቄውን ይነግረኛል፣ መልሱን ይዘልለዋል። ለባለ ዓይን የምትነግሩትን ከእኔ የደበቃችሁት ለምንድን ነው?"

ደነገጥኩ፤ ወዲያው ግን ጠረጠርኩ። ቦታዬን የሚፈልግ ሰው የላካቸው መሰለኝ። "ሂዱና ጠይቋት ያለዎት ማን ነው?" አልኳቸው።

"ጆሮዬ" አሉኝ።

ስልካቸውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከፈትኩላቸው። መልሱ ተነበበ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

"አሁን እኔ ስመጣ ነው የጻፍሽው?"

"ኧረ ድሮም ነበረ! ሲነካ ነው የሚከፈተው።"

"እንደሚነካ ማን ነገረኝ?"

ነገ ይመለሱ ብዬ ሸኘኋቸውና በራሴ ስልክ ያንኑ አንባቢ አብርቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት። ጥያቄዎቹን እንደ ተራ ጽሑፍ አንብቦ አለፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጥያቄዎቹን በትክክለኛ በተን፣ ማለትም በሚጫን ቁልፍ ፈንታ፣ በተራ ሳጥን ነው የሠራኋቸው፤ ለዓይን በተን ይመስላሉ፣ ስልኩ ግን የሚነኩ መሆናቸውን በምን ይወቅ? ሁሉንም ቀየርኩ። መዘጋታቸውንም እንዲናገር አንድ ቃል ጨመርኩ።

በማግስቱ የኔታ ስልካቸውን ከእኔ አራቁ። "አትንኪብኝ፤ ራሴ ልፈትነው።"

"በተን፣ ተዘግቷል" አለ ስልኩ። ከፈቱትና መልሱን አዳመጡ። ወደ ጥያቄው ሲመለሱ ግን አሁንም "ተዘግቷል" አለ።

"ተዘግቷል ይለኛል፣ መልሱ ደግሞ ይነበባል። ከሁለቱ ውሸታሙ የትኛው ነው?"

አፈርኩ። ቃሉን ጻፍኩት እንጂ፣ ሲከፈት እንዲለወጥ አላደረግኩም ነበር። እዚያው እንደተቀመጡ አስተካከልኩት። እሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ እየከፈቱ ማዳመጥ ያዙ። ስድስተኛው ጥያቄ "ዘንድሮ ማጨድ የማይፈቀድለት ማን ነው?" ይላል። ከፈቱት። ስልኩ "ተከፍቷል" አለና ወደ ሰባተኛው አለፈ። ደግመው ሞከሩት፤ ያው ነው።

ደግሞ ምን አበላሸሁ ብዬ ኮዱን አየሁት። ደህና ነው። መልሱ ነው ባዶው። አለቃዬ "እሱን በኋላ እሰጥሻለሁ" ብለውኝ ረስቼው ኖሯል። ገጹን ካዩት ባለ ዓይኖች አንድም ሰው ባዶ ነው ያለኝ የለም።

"ደብቃችኋል አላልኩሽም?" አሉ የኔታ።

ተነሥቼ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና የስድስተኛውን ጥያቄ መልስ ጠየቅኋቸው።

"ማን ነው የጠየቀ?" አሉኝ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

"እኔ ነኝ።"

አጨዳውን የሚፈቅደው ኮሚቴ ገና እንዳልተስማማበት ነገሩኝ። እውነት ይሁን፣ የሚደበቅ ስም ይኑር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። "እንግዲያው እንዳልተወሰነ እጽፋለሁ" ብያቸው ወጣሁ። ጻፍኩት።

የኔታ ሰሙት። "ይህ መልስ ነው" ብለው በትራቸውን አነሡ። "ሲወስኑ ደግሞ እመጣለሁ።"

ውሳኔው በሁለት ሳምንቱ ገጹ ላይ ተለጠፈ፤ እሳቸውም መጥተው ሰሙት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ገጽ በሠራሁ ቁጥር አለቃዬ ገና ሳያዩት በፊት "እኚያ መምህር ሰምተውታል?" ይሉኛል። የሚሰጉት እኔ እንዳልሳሳት ይሁን የኔታ እንዳይጠይቁ፣ አልጠየቅኋቸውም።