ፎልደሩን ከማጥፋት በፊት

ኅዳር 18 ቀን 2003 ዓ.ም. ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ቦንጋ ውስጥ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ሄድኩ።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያኔ ለጣቢያዬ ዜና የምልከው በሞባይል ስልክ እያነበብኩ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ላይ ቆሜ የዋጫ ከተማን መንገድ ዜና ሦስት ጊዜ ስደግም፣ አላፊ አግዳሚው «ጋዜጠኛው ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» ይል ነበር። ያ ዳገት አሁንም ይናፍቀኛል።

መምህሩ ላፕቶፑን ከጥልፍ ጨርቅ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባትሪው እንደሚቆይ ለማየት ቻርጀሩን ነቅዬ ሰዓቴን ያዝኩ። የኪቦርዱን ፊደላት አንድ በአንድ ነካሁ። ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጭረት ፈለግሁ። የማራገቢያውን ድምፅ ለመስማት ጆሮዬንም አስጠጋሁ።

«በግ ነው እንዴ የምትገዛው? ጥርሱንም እየው!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በግማ ቢታመም ይታረዳል።»

ሳቁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎልደር ነበር። ውስጡ ያሉት መምህሩ ማንኪራ ጫካ ድረስ በእግር እየሄዱ፣ ቀፎ ከሚሰቅሉ ሽማግሌዎች አፍ ስድስት ዓመት የለቀሟቸው የካፊኖኖ ቋንቋ ቃላት ናቸው፤ የዛፍ፣ የንብ፣ የማር ስሞች። ከነገሯቸው ሰዎች ገሚሱ አርፈዋል።

«እሱን አጥፋው። ዓይኔ ደክሟል፣ ከእንግዲህ አልጽፍም። ልጄ እንድታሳትመው ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ።»

«ፍላሹን ልየው?»

«አታምነኝም?»

«እርስዎን አምናለሁ። ፍላሹን ነው የማላምነው።»

ከኮታቸው ኪስ አወጡት። ስሰካው ፎልደሩ ወዲያው ተከፈተ።

«አየህ!»

ልሰርዘው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። በአንድ ምንጭ ዜና አልጽፍም። ፍላሹን ይዘን ማዶ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ተሻገርን። የቤቱ ባለቤት በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፤ አልከፈት አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሾርትከት ነው» አለቻቸው። « ዕቃውን ትተው አድራሻውን ብቻ ነው ያመጡት። የሚከፈተው እዚያው የእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ነው።»

መምህሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ «እጅህን ምን ያዘው?» አሉኝ።

«ልማድ ነው፣ ጋሼ።»

ቤት ተመልሰን ሙሉውን ፎልደር ገለበጥን። መንገዱን እንደገና ተሻገርን። ሴትየዋ ፍላሹን ስትሰካ ፋይሎቹ ተከፈቱ። መምህሩ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው የማር ስሞቹን እየጮኹ አነበቡ፤ ፎቶኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ገበሬ አንዱን ቃል አረመላቸው። እዚያው አስተካከሉት።

ቤት ስንመለስ ከላፕቶፑ ላይ ፎልደሩን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ላፕቶፑን ገዝቼ ስወጣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር።