ጨረቃ የምትቆጥር ወባዬ

ድሬዳዋ ሰው ከታመመ ወባ ነው። ራስህን አመመህ? ወባ። ምግብ አስጠላህ? ወባ። እጮኛህ ጥላህ ሄዳ ከአልጋ አልነሳ ብትል እንኳ ጎረቤት ተሰብስቦ «ወባ ናት፣ ቶሎ ኪኒን ይዋጥ» ብሎ ይፈርዳል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝና፣ በሃያ ዓመቴ በየወሩ ሦስት ቀን የሚጥለኝ ነገር ምን እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ጓድ መባባሉን የለመድንበት፣ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ስብሰባ የማይቀርበት። እኔ በአንድ የክር ፋብሪካ የፈትል ማሽን ላይ እሠራ ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ ከለገሃር ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ለብቻችን ቀረን። ማሽኔን ያገኘሁት ሁለት ዓመት ሙሉ ወለል ጠርጌ ነው። ያኔ አንዲት ልጅ «የኔ ማሽን» ማለቷ ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ለልጆቼ ባስረዳቸው አይገባቸውም፤ ይስቁብኛል። እኔ ግን ከእሱ ፊት ስቆም ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሥራው ክር መቀጠል ነው። ማሽኑ እየፈተለ ሳለ ክሩ እዚህም እዚያም ይበጠሳል፤ አንቺ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስሽ የተበጠሰውን ጫፍ ፈልገሽ በሁለት ጣት ትቀጥያለሽ። ጣቴ ፈጣን ነበር። ጉራ አይደለም፣ የምር ፈጣን ነበር።

የጠዋቱ ፈረቃ ስምንት ሰዓት ላይ ሲለቀን ጥጡ ፀጉራችን ላይ ሰፍሮ ሁላችንም ሸብተን እንወጣለን። ሰፈር ያሉ ልጆች «አሮጊቶች መጡ» እያሉ ይስቁብን ነበር። ከዚራ ሰፈር ስንደርስ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ጫማችንን አውልቀን በባዶ እግራችን እንሄዳለን፤ አስፋልቱ ከጥላው ውጪ እሳት ነው፣ ከጥላው ውስጥ ግን ለብ ያለ ነው። አንዷ በሶማሊኛ ትቀልዳለች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትመልስላታለች፣ እኔ በአማርኛ እጨምራለሁ፣ ሁላችንም እንስቃለን። ያን የመሰለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

እነዚያ ሦስት ቀኖች ሲመጡ ግን ሳቁም ጣቱም የሉም። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። ጡቴ ይከብደኛል፣ ወገቤ አይታዘዘኝም፣ እናቴ ሻይ ቀዘቀዘ ስትለኝ እንባዬ ዱብ ይላል። ከሁሉም የባሰው እንቅልፉ ነበር። ማሽኑ እየጮኸ፣ ቆሜ፣ ዓይኔን ገልጬ እተኛለሁ።

ያኔ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ እሄዳለሁ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ማለት ነው፣ የትኩሳት መለኪያውን ብብቴ ውስጥ ይሰካና ሰዓቱን ያያል። በድሬ ቀትር ብብት ውስጥ ገብቶ ሳይሞቅ የሚወጣ ነገር የለም። ደሜን መርምሮት አያውቅም፤ ወባ መሆኑ እየታወቀ ምን ያደርግለታል? ክሎሮኪን ይሰጠኛል፣ ምርር ይለኛል፣ ገላዬን ሙሉ ሲያሳክከኝ ይውላል። በሦስተኛው ቀን ወር አበባዬ ይመጣል፤ ድካሙም በዚያው ሰዓት ከላዬ ላይ ይነሳል። ኪኒኑ ይመሰገናል። ሁለቱን ነገር ለምን እንዳላገናኘሁ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ነገር ግን ደም በሚፈሰኝ ቀን ጤነኛ ነበርኩ፣ ጉልበቴም ሙሉ ነበር። ማን ነው የሚያሻለውን ነገር በሽታ ብሎ የሚጠረጥር?

ስለዚያ ነገር ደግሞ ማንም ከማንም ጋር አያወራም ነበር። ከፋብሪካው አንድ ጭብጥ ጥጥ ይዞ መውጣት ያስባርራል፤ ግን በር ላይ የሚፈትሹን ሴቶች እጃቸው ለወር አበባ ከጉያችን ካደረግነው ጥጥ ላይ ሲደርስ እንዳልነካ ሆኖ ያልፋል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ዝም። እናቴም ብትሆን የመጀመሪያ ቀን የተቀደደ ነጠላ ሰጥታኝ «በደንብ እጠቢው፣ ወንድ እንዳያየው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከጎኔ ያለውን ማሽን የምትይዘው አንዲት ሙስሊም ሴት ነበረች። እናቴን በዕድሜ ትበልጣለች፤ አዳዳ እንላት ነበር፣ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። እናቴ እንደ ደጋ ሰው «አንቱ በያቸው» እያለች ትቆጣኝ ነበር፤ ድሬ ላይ ግን አንቱ ብትዪ ሰው የተቀየምሽው ይመስለዋል። አዳዳ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። በማሽኑ ጩኸት ውስጥ በከንፈርና በጣት ነበር የምናወራው። እኔ ያን ጊዜ የማወራላት ስለ ቁልቢ ገብርኤል ነበር። ምክንያቱም በእነዚያ የሥቃይ ቀኖች፣ እኔ እየተኛሁ፣ ክሮቼ የሚገባቸውን ያህል አይበጠሱም። ይህ ተአምር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጃንጥላ ተስያለሁ፣ ክሮቼን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው አልኳት አንድ ቀን። ፊቷን ሳታጥፍ «አሚን» አለችኝ።

ገብርኤል ግን ሁልጊዜ አልደረሰም። አንድ ቀን አዳዳ ለሌላ ሥራ ተጠርታ ወጣ ባለችበት፣ እኔ ምሰሶ ተደግፌ ጭልጥ ብዬ ተኛሁ። ስነቃ የፈረቃ ኃላፊው ከፊቴ ቆሟል፣ ከኋላዬ ክሩ ሁሉ ተበጣጥሶ ጥጡ እንደ አረፋ ተንጠልጥሏል። ሲጠይቀኝ ወባ ነው አልኩ። ወባማ ሁላችንንም ይይዘናል፣ አንቺን ብቻ በየወሩ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው ለምንድን ነው አለኝ። የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ በወር አንድ ቅዳሜ ነውና ለመጪው ወር ስሜ ተያዘ።

ሂስና ግለ ሂስን ላላየ ሰው ልንገር። ጥፋተኛው በሁሉ ፊት ቆሞ ራሱን ይወቅሳል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርለታል። የሚያውቁ ሰዎች መከሩኝ፤ ሰነፍ ነበርኩ፣ ንቃቴ ዝቅተኛ ነው፣ አስተካክላለሁ በይ፣ ይምሩሻል አሉ። ነገር ግን በራሷ አፍ ሰነፍ ነኝ ያለች ልጅ ማሽን እንደማይሰጣት ሁላችንም እናውቅ ነበር። የምትላከው የጥጥ ብናኝ ወደሚሰበሰብበት ክፍል ነው፤ እዚያ የገባች በሳል ታጅባ ትወጣለች እንጂ ወደ ማሽን አትመለስም። ሌላ የምለው ነገር ደግሞ አልነበረኝም። እናም ሰነፍ ነኝ የሚለውን ቃል ማታ ማታ እናቴ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ ተለማመድኩት። እየቆየ እኔም አመንኩት፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው።

የስብሰባው ዋዜማ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከግቢው ዛፍ ሥር ቁጭ ብያለሁ። አዳዳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እንጀራዬን ከፍቼ ብይ አልኳት፣ ነጮቹን ቀኖች እየጾመች መሆኑን ነገረችኝ። በጨረቃ አቆጣጠር አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ማለት ነው፤ ጨረቃዋ ሞልታ ሌሊቱ ነጭ የሚሆንባቸው ቀኖች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ማሽን ፊት ውሃ እንኳ አትጠጣም። ነገ ምን ልትዪ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሰነፍ ነኝ ልል ነው አልኳት፣ የተለማመድኩትንም አሰማኋት።

«ወባ ጨረቃ ትቆጥራለች እንዴ፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። «እኔ ስጾም አንቺ ትወድቂያለሽ። አንድ ወር አይደለም፣ ሁለት ወር አይደለም፣ ዓመት አለፈው። አንዳንዴ በአንድ ቀን ትቀድሚያለሽ፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ትዘገያለሽ እንጂ አትስቺም። ወላሂ ይሄ ወባ አይደለም። ይሄ የኛ የሴቶች ነው። እኔም በልጅነቴ ደሙ ሊመጣ ሲል ጉልበቴን ቀድሞ ይወስደው ነበር፤ ሲመጣ ይመልስልኛል።»

ጣቶቼን አጥፌ ቆጠርኩ። ያለፈውን ወር፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም። ልክ ነበረች። ፊቴ ጋለ፤ ደስታ ይሁን እፍረት አላውቅም። ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ። ዓመት ሙሉ በእነዚያ ቀኖች ከጎኔ ቆማ እያየችኝ ከነበረ፣ ክሮቼስ? ጠየቅኋት። መሬቱን በጣቷ እየጫረች፣ ያንቺ ማሽን ከኔ ማሽን ሁለት እርምጃ ነው፣ ምን ሩቅ ነው አለችኝ። ለገብርኤል ስለተሳልኩት ጃንጥላ ሳነሳባት ፈገግ አለች፤ እሱም አግዞኝ ይሆናል፣ ብቻዬን አልችለውም ነበር አለች። እኔ አለቀስኩ። ያ ለቅሶ ግን የየወሩ ለቅሶ አልነበረም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጠራኝና ቆምኩ። ቀኑ ደግሞ ያው ከሦስቱ አንዱ ነው። ወር አበባ የሚለውን ቃል በወንድ ፊት የተናገረች ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የተለማመድኩት ስንፍና አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

«ሰነፍ አይደለሁም» አልኩ። «ወባም አይደለም። ወር አበባዬ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ቀን ጉልበት አይኖረኝም። በቀሩት ቀኖች ከማንም አላንስም።»

የፈረቃ ኃላፊው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ይህ በማስረጃ መደገፍ ያለበት ነው አለ። ከኋላ አዳዳ ተነሳች። በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ በጾም የደረቀ ከንፈሯን በምላሷ አርሳ ተናገረች።

«አቦ፣ ማስረጃውማ በየቤታችሁ አለች። ስትገቡ ጠይቋት።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ቀጥሎ ከወንዶቹ አንዱ ሳያስበው አመለጠው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ያ ሳቅ አዳነኝ። ማሽኔን ሳልነጠቅ በየወሩ ሦስት ቀን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቀለል ያለ ሥራ እንድለዋወጥ ተወሰነ። ችግሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ነበር። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ብዕሩን አንስቶ ቃሉን ለመጻፍ ወረቀቱን አየ፣ ሊቀ መንበሩን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ ሲያነብልን «ጓዲት በየወሩ በሚነሳባቸው ወባ ምክንያት» ብሎ ጽፎ አገኘነው። ማንም አልተቃወመም። ብዙ ሳይቆይ የፈትል ክፍል ሴቶች በየተራ ወደ ፈረቃ ኃላፊው እየሄዱ «ያቺ የሷ ወባ እኔንም ይዛኛለች» ይሉት ጀመር። እሱም ፊቱን አዙሮ ይፈርምላቸዋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ሐኪም ሆርሞን ስለሚባል ነገር፣ ከወር አበባ በፊት ወጣ ወረድ ሲል እንዴት እንደሚያደክም በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ። ጥሩ ልጅ ነበረች፣ አመሰገንኳት። ደም ግፊቴን እየለካች ወባ ይዞሽ ያውቃል ወይ ስትለኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ለምን እንደሳቅሁ ልነግራት ብጀምር ቀኑ አይበቃም ነበር።

የማልረሳው ግን ገና ፋብሪካው ሳለሁ የሆነ ሌላ ቀን ነው። እኔ አግብቼ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ተመልሻለሁ። ከወሊዱ በኋላ የወር አበባዬ ቀን ተለወጠ፤ ድካሙ የሚመጣው ጨረቃዋ ስትጠፋ ሆነ። ስለዚህ በነጮቹ ቀኖች ብርቱ ነበርኩ። አዳዳ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ቀርቷታል፣ ጾሟን ግን አልተወችም። ሙቀቱ የከፋ ሰሞን ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ ተገልጧል፣ እጇ ግን ቆሟል። ያንን እንቅልፍ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። የሷን ጎን ቀጥዬ ወደ ጎኔ፣ ከጎኔ ተመልሼ ወደ ሷ፣ ፈረቃው እስኪያልቅ እንዲያ ስመላለስ ዋልኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ስንወጣ ነጠላዬን ሳስተካክል ቀረብ አለችኝና፣ ሰሞኑን ክሮቿ ብዙም እንዳልተበጠሱባት፣ አላህ እንደሚጠብቅላት ነገረችኝ።

ፊቴን ሳላጥፍ «አሚን» አልኳት።