አህያይቱስ የት ደረሰች?

ልጅ ሳለሁ የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት የፈረስ ላብ የሚሸት ሰው ይመስለኝ ነበር። ሌላ ዓይነት አይቼ አላውቅማ! እኛ ቤት ራሳቸውን የእግዚአብሔር አገልጋይ ብለው የሚጠሩት የእናቴ አባት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ናዝሬት ላይ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው። በኦሮምኛ አያትን እንደምንጠራው አካኮ እያልን ነው ያደግነው። ያኔ ባጃጅ አንድ ሁለት እያለ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር እንጂ መንገዱ ገና የጋሪ ነበር። አካኮ ጠዋት ጋሪያቸውን ከግቢ ሲያወጡ በሩ ላይ ቆም ይሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ እኔና ዳማ ሥራ ገብተናል፤ ወዴት እንሂድ?» ይላሉ። ዳማ ፈረሳቸው ነው። መልሱን የሚጠብቁ ይመስል መንገዱን ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን ደፍተው መንገድ ይጀምራሉ። የጠዋት ጸሎታቸው ይኸው ነበር፤ አንድም ቃል ሲጨምሩበት ሰምቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያለብሰን የዋለው የናዝሬት ነፋስ ጋብ ሲል፣ ዳማ ይፈታል፤ ላቡ በጆንያ ይታሻል፤ ገለባው ይቀርብለታል። ትንኝ እንዳይበላው አካኮ በአሮጌ መጥበሻ ላይ ፍም ያደርጉና የደረቀ ፋንድያ ይበትኑበታል፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሽታው ግን እስከ ዛሬ ለእኔ የቤት ሽታ ነው። ፋኖሱ ጋሪው ላይ ይሰቀላል። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበን የጋሪው ወለል ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ እሳቸው ደግሞ ከታች ቁጢጥ ብለው መንኮራኩሩን ግራሶ እየቀቡ ያወሩልናል።

የሚያወሩት ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ሳነብበው ግን እሳቸው እንደነገሩን ሆኖ አላገኘሁትም። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሲያወሩ የኢያሪኮን መንገድ ከሞጆ እስከ ቆቃ ባለው መንገድ አድርገው ነው፤ ወንበዴዎቹ ከግራሩ ሥር ብቅ ሲሉ እኛ እርስ በርስ እንተቃቀፋለን። ካህኑ አይቶ ያልፋል፣ ሌዋዊውም አይቶ ያልፋል፤ በመጨረሻ ሳምራዊው ይወርድና የቁስለኛውን ቁስል አሥሮ አህያው ላይ ያወጣዋል። እፎይ ስንል አካኮ ግራሶ የነካ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ።

«አህያይቱስ?»

ከጋሪው ጠርዝ አንገታችንን አስግገን ወደ ታች እናያቸዋለን።

«ያን ሁሉ መንገድ ቁስለኛ ተሸክማ የሄደች ማን ናት? ሳምራዊው ልቡ ራራ፣ ይመስገን። ጀርባው ግን የእሷ ነው። ማደሪያው ሲደርሱ ቁስለኛው አልጋ አገኘ፣ ሳምራዊው እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። አህያይቱስ የት ደረሰች?»

«ደጅ ቆመች!» እንላለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ፤ መልሱን እሳቸው ናቸው ያስጠኑን።

«ማን አመሰገናት?»

«ማንም!»

«ጌታስ?»

«አይቷታል!»

የበለዓምንም አህያ እንዲሁ ነበር የሚያወሩልን። መልአኩን ከነቢዩ ቀድማ ያየችው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ነቢዩ የሚያየው ሽልማቱን ነዋ» አሉኝ፤ «አህያ የምታየው መንገዱን ነው።» በሌላ ቀን ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ሰባኪ እንዳልሆኑ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ተቀማጩማ ሞልቷል ልጄ፤ የጠፋው ተሸካሚ ነው።»

የሚሉትን ደግሞ ይኖሩታል። እሑድ ዳማ ለገንዘብ አይሠራም፤ ሆኖም በማለዳ ይጠመዳል። አካኮ መጀመሪያ ዓይናቸው የጠፋውን እማማ ብርቄን፣ ቀጥሎ አንድ እግራቸው በስኳር ሕመም የተቆረጠውን ኦቦ ቶሎሳን ከየቤታቸው ጭነው ቤተ ክርስቲያን ያደርሷቸዋል። ጋሪው እስከ አዳራሹ በር ይገባል፤ ሽማግሌዎቹ ከጋሪው በቀጥታ ደፉ ላይ ይወርዳሉ። አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ግቢውም አፈር በነበረ ጊዜ ይህን ነገር ብሎ ያነሳ ሰው አልነበረም።

እኔ ግን አሥር ዓመት ሲሞላኝ የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ገባሁና ሌላ ዓይነት አገልጋይ አየሁ። ከረባት ያሠረ፣ ማይክ የያዘ፣ ፊት ለፊት ባለ ጨርቅ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ውኃ በጠርሙስ የሚቀርብለት። አንድ እሑድ ከጎኔ የምትዘምር ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትል፣ እኔም ሌላ ሰው እንደ ሸተተ ሁሉ ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ አለብኝ እያልኩ ብቻዬን በእግሬ መሄድ ጀመርሁ። አካኮ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲሱ አዳራሽ ተሠርቶ ግቢው ኮብልስቶን በተነጠፈ ጊዜ፣ የሕንጻ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ደምሴ ማስታወቂያ አነበበ፤ ግቢው በፋንድያ እየቆሸሸ ስለሆነ ከእንግዲህ ፈረስ ማስገባት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጉባኤው እንደ ልማዱ «አሜን!» አለ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ለማስታወቂያም፣ ለጠፋ ቁልፍም አሜን ይባላል። እኔም አሜን አልሁ፤ ጮክ ብዬ።

አካኮ በማግስቱ ሄደው ለመኑት። ከውጭው በር እስከ አዳራሹ ዳገት ነው፤ ዓይን የሌላትና እግር የሌለው ሰው እንዴት ይወጡታል? ወንድም ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አስተናጋጆች ደግፈው ያስገቧቸዋል ብሎ ቃል ገባ። እሑድ ሲደርስ አስተናጋጆቹ ወንበር በማስተካከል ላይ ነበሩ። እማማ ብርቄ ኮብልስቶኑ አዳልጧቸው ወደቁ፤ ጉልበታቸው ደማ። ከአምልኮ በኋላ አካኮ ቤታቸው ሲያወርዷቸው «ከእንግዲህ አትድከም ልጄ፤ ቤቴ ሆኜ ሬዲዮ እሰማለሁ» አሏቸው። አካኮ ያን ምሽት ተረት አላወሩልንም። ፍሙን እየቆሰቆሱ «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» ሲሉ ብቻ ሰማኋቸው።

ቀጣዩ እሑድ ሆሳዕና ነበር። እኛ መዘምራኑ ነጭ ቀሚስ ለብሰን፣ ዘንባባ ይዘን፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈን ለሚገባው ሰው ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጭላዋ እንዘምራለን። በመካከል የዳማ ኮቴ ተሰማ። የማውቀው ኮቴ ነው። አካኮ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጭነው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ብርቄን እንዴት አሳምነው እንዳመጧቸው እንጃ። የበሩ ጥበቃ ዓይኑን መሬት ተከለ፤ ወንድም ደምሴ ከውስጥ እየተጣደፈ መጣ።

«አባባ፣ ተነጋግረን አልነበረም እንዴ? ፈረስ አይገባም ተብሏል።»

«ፈረስ ነው የማይገባው?»

«አዎ፣ ፈረስ።»

«ጋሪውስ?»

«ጋሪው ምን አደረገ አባባ፤ የሚያቆሽሸው ፈረሱ ነው።»

«እንግዲያው ትእዛዝ ይከበራል» አሉና ወረዱ። ጋሪው እንዳይደፋ በትከሻቸው ደግፈው ዳማን ፈቱት። ከዚያ ዙሪያውን ቃኝተው እኔን አዩኝና ልጓሙን ዘረጉልኝ። «ያዥልኝ፣ ልጄ።»

ዓይኔን ዘንባባዬ ጫፍ ላይ ተከልሁ። ያቺ አፍንጫዋን የያዘችው ልጅ በክርኗ ነካ አድርጋኝ «አያትሽ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልሁ።

ሰምተውኛል። በመካከላችን ሁለት ክንድ እንኳ አልነበረም። ጥበቃው ጋሪውን እንዲደግፍላቸው ጠቅሰው ዳማን የመብራት ምሰሶ ላይ አሠሩት፤ ኮታቸውን አውልቀው ጀርባው ላይ ጣሉለት። ተመልሰው ዳማ በሚቆምበት ቦታ፣ በሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች መካከል ገብተው ቆሙና ጋሪውን አነሱት።

«ምንድን ነው?» አሉ እማማ ብርቄ፤ «የዳማ ኮቴ የት ሄደ?»

«ዳማ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነው እማማ» አሉ አካኮ፤ «አህያይቱ ተተክታለች።»

ዝማሬው ቀጥ አለ። ጋሪው ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ ወጣ፤ የአካኮ አንገት ሥር ተገታትሮ ይታየኛል፤ ጫማቸው እየተንሸራተተ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ቆሙ። ጋሪው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሸሸ። ያን ሁሉ ሰው አስቡት! አስተናጋጆቹ ቆመዋል፣ ሰብሳቢው እጁን አየር ላይ እንደ ሰቀለ ቆሟል፣ እኛ ነጭ ለባሾቹ ዘንባባችንን ይዘን ቆመናል። ስለ አህያ የሚዘምር ሞልቶ፣ እንድረስላት ያለ አንድ ሰው ጠፋ። ያኔ ነው ያ ምሽት ምሽት በአንድ ድምፅ የምንጮኸው መልስ ትዝ ያለኝ። ደጅ ቆመች። ማንም። አይቷታል።

እንዴት እንደ ሮጥሁ አላውቅም። የዘንባባዬን ወፍራም ዘንግ ከመንኮራኩሩ ኋላ ወሸቅሁት፤ ጋሪው መሸሹን አቆመ። ትከሻዬን ከጋሪው ኋላ አስደግፌ መግፋት ጀመርሁ። አካኮ መዞር ስላልቻሉ ድምፅ ብቻ ሰጡ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«የልጅ ልጅዎ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ፣ ያቺም ልጅ እንድትሰማ፣ አሜን ያለው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ ጥበቃው በሩን ትቶ መጥቶ በአንድ ጎን ያዘልኝ። አዳራሹ ደፍ ላይ ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ በክራንቻቸው እየወረዱ ራሴን ዳበስ አድርገው «ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ተመስገኚ ልጄ እንደ ማለት ነው።

ወንድም ደምሴ ተከትሎን ደርሶ ነበር። «አባባ፣ ይህ በጌታ ቤት ሥርዓት ነው?» አለ፤ ድምፁ ግን ከቅድሙ አንሶ ነበር።

አካኮ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «ትእዛዝህን አፍርሼ ከሆነ ንገረኝ፣ ወንድሜ። ፈረስ አልገባም።» ይህን ብለው ወደ ውጭው በር ተመለሱ፤ ዳማ ፀሐይ ላይ ነበራ። ስለዚያች ሆሳዕና አህያ የተሰበከውን ስብከት ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የነጭ ቀሚሴ ትከሻ ላይ የቀረውን ግራሶ እናቴ በረኪና ብትጨርስበትም ሊለቅ አልቻለም። እኔም እንዲለቅ አልፈለግሁም፤ ያንኑ ለብሼ ዘመርሁ። ማስታወቂያው እንደተነበበ ቀረ፤ ማንም ሽሬዋለሁ አላለም። አካኮ አምስት እሑድ ጎተቱ፣ እኔ አምስት እሑድ ገፋሁ። በስድስተኛው ጥበቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ። ዳማ ገባ። ፋንድያውን እኔ ጠረግሁ።

ዛሬ አካኮ የሉም፤ እማማ ብርቄና ኦቦ ቶሎሳም አልፈዋል። እኔ እዚሁ ናዝሬት፣ በዛሬ ስሟ አዳማ፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ሴት ልጅ ባጃጅ ስትነዳ የሚባለውን ሁሉ ተብያለሁ፤ ጆሮዬ ለምዶታል። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ «ወዴት እንሂድ?» እላለሁ፤ እሑድ ደግሞ የማይራመዱትን እሰበስባለሁ። ደክሞኛል የምልበት ቀን አለ፤ ያን የግራሶ ሽታ ሳስብ ግን አፍራለሁና እነሳለሁ።

በቅርቡ ቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮቿን ስትመዘግብ አንድ ወጣት ፎርም ሰጠኝ። ስብከት፣ ዝማሬ፣ ጸሎት፣ መስተንግዶ ይላል። «እህቴ፣ የአገልግሎት ዘርፍሽ የቱ ነው?» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሁሉም በታች፣ ባዶው መስመር ላይ፣ በትልልቁ «አህያ» ብዬ ጻፍሁ።

ልጁ ደነገጠ። በእኛ አገር አህያ ስድብ ነው፤ ሰው በራሱ ላይ አይጽፈውም። «እየቀለድሽ ነው አይደል? ይህ እኮ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነው የሚቀርበው» አለኝ።

«ይቅረብላቸዋ!» አልሁት። «የት ናት ብለው ከጠየቁህ፣ ደጅ ቆማለች በላቸው።»

ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። ባጃጇ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች እየጠበቁኝ ነበር።