ጣሪያዋ የረዘመ ሽኮኮ

ቶሌራ የመኪና ፋብሪካውን የመሠረተው በካምፓላ አስፋልት ላይ መኪና በማይታይበት ወር ነው። በፈረንጆች ሁለት ሺህ ሃያ፣ በወረርሽኙ ሰበብ፣ መንግሥት የግል መኪናውንም ታክሲውንም አስቁሞ፣ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ከልክሎ ነበር። ቶሌራ ደግሞ ባቱላሜራ ነው። ናጉሩ ኮረብታ ግርጌ ባለ ጋራዥ ውስጥ የተጨረማመተ በርና ፓራፋንጎ በመዶሻ ሲያቃና ነው ፀጉሩ የሸበተው። መኪና ካልሄደ አይጋጭም፤ ካልተጋጨ ቶሌራ ሥራ የለውም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ቶሌራ ቆብ ስላልነበረው ፋብሪካ አቋቋመ።

ፋብሪካው «ጊቤ አውቶሞቢል» ይባላል። የሚገኘው ቶሌራ ተወልዶ ባደገባት በጅማ፣ ከከተማው መውጫ ላይ ነው። ዘመኑ ፈረንጆች ሰማንያዎቹ የሚሉት፣ እኛ ሰባዎቹ የምንለው፣ ያ የሰልፍና የስብሰባ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ከቶሌራ ወረቀት ውጭ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። ቶሌራም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን ጊዜ በቦታው ላይ የነበረው የሰው የበቆሎ ማሳ ነው። ቢሆንም ሥራውን እንደ ቀልድ አልያዘውም። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላይ የንድፍ ሥራ ተምሯል፤ መዶሻ ያስጨበጠው ስደት ነው። እርሳሱን ቀርጾ ሲቀመጥ መጀመሪያ ያወጣው ደንብ፣ በዘመኑ ያልነበረ ነገር ከፋብሪካው በር አይገባም የሚል ነበር። ስለዚህ መስታወቱ በእጅ ይዞራል፣ ፓራውልቱ ብረት ነው፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ሬዲዮውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ጊቤ የሚሠራው ትናንሽ መኪኖች ብቻ ነው። ትልቅ መኪና ከሠሩ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ባለሥልጣን ከመጣ ደግሞ ጉብኝቱ አያልቅም ብሎ ነው ቶሌራ። ሞዴሎቹ ሦስት ናቸው። ድኩላ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ዕቃ የምትጭን ናት። ሚዳቋ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ናት። የመጨረሻዋ ትንሿ ሽኮኮ ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ከፊት ብታዩዋት የምታሳዝን፣ ከጎን ብታዩዋት ግን ግራ የምታጋባ። ምክንያቱም ሽኮኮ እስከ ወገቧ ድረስ ስሟን የምትመስል ትንሽ ነገር ሆና፣ ከወገቧ በላይ ጣሪያዋ ያለ ቅጥ ይረዝማል። የልጅ አካል ላይ የአባቱን ባርኔጣ የደፉበት ነው የሚመስለው።

የጣሪያውን ምክንያት ቶሌራ ለማንም አልተናገረም። እኔ ግን ለእናንተ የምደብቀው ነገር የለኝም። ቶሌራ ተሻለ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ረጅም ልጅ ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የማለት ልማድ ስለነበረው ሰፊ ሜዳ ላይም አንዳንዴ ጎንበስ ይላል። በሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ሳያገኝ ተቀምጦ ሳለ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ሊገዛ ወጥቶ ለውትድርና በአፈሳ ተያዘ። ማሠልጠኛ ውስጥ አየሁት ያለ ሰው ነበር። ወደ ሰሜን ተጫነ ያለም ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡለትም። እናታቸው እስክትሞት ድረስ ጥቁርም ነጭም ሳትለብስ፣ ግራጫ ነገር እየፈለገች ስትለብስ ኖረች።

በነሱ ቀበሌ ግን የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ይታለፍ ነበር። ሁለት የጎረቤት ልጆች ከተሻለ ጋር አብረው ተይዘው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው ተብሎ እዚያው ተለቀዋል። ጊቤ አውቶሞቢልም ተሻለን የቀጠረው በሰባ ስድስት ነው፤ ከአፈሳው አንድ ዓመት ቀድሞ። የሥራ መደቡ የሽኮኮ ሞካሪ ሹፌር ነው። እያንዳንዷ ሽኮኮ ከፋብሪካው ከመውጣቷ በፊት ተሻለ ገብቶባት ግቢውን ይዞራል። እንግዲህ ጣሪያው ለምን እንደረዘመ ገባችሁ። ቶሌራ እርሳሱን በያዘ ቁጥር ወንድሙ ሥራ ላይ ነው፤ ያ ለቶሌራ ትልቅ እረፍት ነበር።

ቶሌራ የሚኖረው በካምፓላ ዳርቻ ሉዚራ፣ ወደ ፖርት ቤል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በሲቲና ግቢ ውስጥ ባለች የኋላ ክፍል ነው። ሲቲና የወሎ ሴት ናት፤ ኪኩቦ በሚባለው ግርግር በማያጣው ገበያ ውስጥ ጀሪካንና የዝናብ ሸራ በጅምላ ትሸጣለች። ሱቋ የምግብ ስላልሆነ እሷም በዚያ ሰሞን ተዘግቶባት ቤት ዋለች። ኪኩቦን የለመደ ሰው ቤት ሲውል ጎረቤት ይጨነቃል። መጀመሪያ ግቢውን አጠረገች፤ ቀጥሎ የተጠረገውን አስጠረገች፤ በመጨረሻ ቶሌራ ደጅ መጥታ ያ ሁሉ ወረቀት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ወረቀቱ የራሷ ነበር። በየዓመቱ ለደንበኛ የምታድለውን ትልልቅ የቀን መቁጠሪያ፣ የተረፈውን ለቶሌራ ትሰጠዋለች፤ እሱ በጀርባው ላይ ይስላል።

ሲያስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብላ ስቃ ሄደች። ቶሌራ አልተቀየመም፤ እሱም ቢሆን የሚለው ያንኑ ነበር። በማግስቱ ግን ተመልሳ መጣች፤ ድኩላን ማን ይገዛታል ብላ ጠየቀች። ቶሌራ ስለ ገዢ ፈጽሞ አላሰበም ነበር። ሲቲና ይህን ስትሰማ እውነተኛ ድንጋጤ ደነገጠች፤ ገዢ የሌለው ዕቃ በሕልሟም ቢሆን አይታ አታውቅም። እዚያው ቆማ የድኩላ ጣሪያ ላይ ፍራሽና ሁለት ፍየል የሚችል ፖርቶመጋላ አሠራች፣ የሚዳቋን የኋላ ወንበር እናት ከነልጇ የምትተኛበት አደረገች፣ የሽያጭ ኃላፊም ሆና ተመለሰች። ማንም አልሾማትም።

መኪኖች ወደ መንገድ ሲመለሱ መጋጨታቸውም ተመለሰ፤ ቶሌራ ወደ ጋራዡ፣ ሲቲናም ወደ ኪኩቦ ሄዱ። ፋብሪካው የእሑድ ሥራ ሆነ። እሑድ እሑድ ከመንገድ መጋጠሚያው ሻጭ ያመጡትን ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል እየገመጡ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ሲቲና ለቀለም ምርጫ ብቻ ሁለት እሑድ ፈጀች፤ ቶሌራ አረንጓዴ ሲል እሷ አቧራ የማያሳይ ይሻላል እያለች። ሰው ቢያያቸው እውነተኛ ሀብት የሚከፋፈሉ ነበር የሚመስለው።

ጉዱ የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። ሰኔ ላይ በሽታው አገረሸና መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሲቲና ከሱቋ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ወደ ቶሌራ ደጅ መጥታ፣ ስታስብበት እንደቆየች ነግራው፣ ሽኮኮ ትዘጋ አለች።

ምክንያቷ የሚነቀፍ አልነበረም። በዚያ ጣሪያ የተነሳ ሽኮኮ የምትበላው ቆርቆሮ ሚዳቋ ከምትበላው እኩል ነው፤ የምትጭነው ግን ግማሹን ነው። ነፋስ ይገፋታል። መልኳም ሰው ያስቃል።

«ጋሼ፣ ይህቺ ነገር ስቶክ ሆና ትቀራለች» አለችው። «ከሰባ ሰባት መስከረም ጀምሮ ይቁም። ያ ዓመት ክፉ ነው፤ ማንም ለመንሸራሸሪያ መኪና አይገዛም።»

ቶሌራ ዓመቱን ሲሰማ ለሽኮኮ መከራከር ጀመረ። ጣሪያው ለአየር ነው አለ። ሲቲና መስኮት አላት አለች። ጥምጥም ለሚያደርጉ ካህናት ነው አለ። ካህናቱ በዚያ ዘመን በበቅሎ ነው የሚሄዱት፣ የኛም ሼኾች ጥምጥም አላቸው፣ አንዳቸውም ሽኮኮ አልጠየቁኝም አለች። የሽያጭ ኃላፊ ናትና ይህን እሷ ታውቃለች። ሠራተኞቹ እንዳያሳስቡት፣ ወደ ሚዳቋ እናዛውራቸዋለን ብላ አጽናናችው።

ቶሌራ ዝውውሩን ሌሊትና ቀን አሰበበት። ሚዳቋ ውስጥ ተሻለ አንገቱን ካልሰበረ አይገባም። ደግሞ በዚያ ዘመን ዝውውር ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ሳምንታት ይፈጃል፤ ልጁ በመሀል ሥራ ፈት ነው፤ ሲታፈስ የዋለው ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ተሻለን ለመውሰድ አንድ ምሽት በቂ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን፣ በሐሳብ የተፈጠረን ፋብሪካ በሐሳብ ያሻሽለዋል፤ ዝውውር በአንድ ቀን ያልቃል ብሎ ይጽፋል። ቶሌራ ግን ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል። ዘመኑ ከዋሸ ተሻለም ውሸት ይሆንበታል። ስለዚህ እርሳሱን አስቀመጠ። ለቀናት አልሳለም፤ ምግብም አልበላ አለው። በወንድሙ ስጋት ሰውነቱ ሲከሳ ለራሱም ገረመው። ልጁ በሕይወት ቢኖር ጡረታው በተቃረበ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ሲቲና በረንዳ ሄደ። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ሽኮኮ እንድትዘጋ አልፈልግም» አላት። «ተሻለ የሚሠራው እዚያ ነው።»

«ተሻለ ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

ከዚያ ነገራት። ስለ ቁመቱ፣ ስለ ሬዲዮው ድንጋይ፣ ስለ እናታቸው ግራጫ ቀሚስ። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበርና አነጋገሩ አላማረለትም፤ ኋላ የሚነገረውን አስቀደመ፣ የቀደመውን ረሳው። ሲቲና ከምስሩ ቀና አላለችም። ጠጠር ስታገኝ ወደ ጎን ታስቀምጣለች፣ እንደገና ትለቅማለች። ሲጨርስ ሰፌዱን ይዛ ተነስታ ገባች።

ቶሌራ በቆመበት እፍረት ያዘው። ስድሳ ያለፈው ሰው፣ የሌለ ሰው ከሌለ ሥራ እንዳይባረር የአንዲት ነጋዴ ሴት በር ላይ ቆሞ ለመነ። እንኳን ለሲቲና ለራሱም ሲነግረው የሚያሳፍር ነገር ነው። ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሥዕሎቹን ሁሉ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ከተታቸው።

በማግስቱ ሲቲና አልታየችም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያልተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ በብብቷ ይዛ መጣች፤ ቶሌራ ደጅ ካለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ እንዳይጠቀለል ማዕዘኑን በብርጭቆ ያዘችው።

«ሽኮኮ አትዘጋም» አለች። ቶሌራ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት በእጇ ከለከለችው። «ጋሽ ቶሌራ፣ ፋብሪካው ምግብ ቤት አለው?»

ቶሌራ አሰበ። የቀለም ክፍል አለው፣ የጥበቃ ቤት አለው፣ የስብሰባ አዳራሽም በዘመኑ ደንብ መሠረት ሁለት አለው። ምግብ ቤት ግን አልነበረውም። እንዳላሰበበት ነገራት።

«ይኑረው» አለች። «በሰባ ሰባት መስከረም ይከፈት። ለሠራተኛ ብቻ አይሁን። ማንም ይግባ፤ ከየት መጣህ የሚል እንዳይኖር።»

ቶሌራ እርሳሱን አነሳ። ስንት ሰው ይያዝ ብሎ ጠየቃት። ሲቲና ስንት እንደሚመጣ እንደማታውቅ፣ የምታውቃቸው ግን ሦስት እንደሆኑ ነገረችው፤ እናቷና ሁለት ወንድሞቿ፣ ከወረባቦ። እሷ ያን ጊዜ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ባንድ ግቢ ይህን ያህል ዓመት ሲኖሩ ቶሌራ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ከወረባቦ ጅማ ድረስ በእግር የማይታሰብ መሆኑ ትዝ አለው፤ ሰው ነውና ሳያስበው ሩቅ እኮ ነው ብሎ ተናገረ።

«መንገድ አይፈሩም» አለች ሲቲና። «ስንት ቀን ሄደዋል። ምግብ ያለው የት እንደሆነ ነው ያጡት።»

ቶሌራ አራት ማዕዘን ቤት ነደፈ። ሰፋ አድርገው ሳትለው አሰፋው። ሲቲና ጎንበስ ብላ እየተመለከተች ጣቷን ከወረቀቱ ጥግ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ለብቻው አንድ ጠረጴዛ ይሁን። እናቴ ሰው ፊት መብላት ታፍራለች። ወንድሞቼ የትም ይበላሉ።»

ጠረጴዛውን ሳለው። ከዚያ ሦስት ወንበር አደረገለትና ቆጠራቸው፤ አራተኛውን ሊጨምር እርሳሱን አስጠጋ።

«አንቺስ የት ትቀመጫለሽ?» አላት።

«ለኔ አያስፈልግም» አለች ሲቲና። «እኔ ያኔ ደርሼ በልቻለሁ።»